ለጆራዋር የተሰጠው ጋውን

ዳፑ ግራ እጇን እስከ ብብቷ ድረስ በለማዳዋ የወተት ጎሽ ኋላ ከታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ነክሳ ትንሽ ቆየችና፣ «እርጉዝ ናት። አራት ወር ያልፋታል» አለች።

ከኋላዋ የተሰለፉት ወንዶች ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። ከእሷ በፊት ተራው የደረሰው ቴጅፓል ይህችኑ ጎሽ ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ሲበረብር ቆይቶ፣ «ባዶ ናት፤ የሚነካኝ ገለባ ነው» ብሎ ነበር የወጣው።

«ገለባው ራስ አለው፣ ቴጅፓል ወንድሜ» አለች ዳፑ፣ ረጅሙን ጓንት ከትከሻዋ ወደ ታች እየገፈፈች። «ትንሽ ወራት ቆይቶ እናቱን ይጣራል። ያን ጊዜ ገለባ መሆኑን አንተ ታስረዳዋለህ።»

የትልልቅ እንስሳትን ሕክምና በተግባር የሚያስተምሩት ሸበቶው ዶክተር ሲንግቪ ሳቃቸውን በመሐረባቸው ሸፈኑ። እውነቱን ለመናገር ዳፑ በዚያ የበረሃ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እኩያ አልነበራትም። ጎሽ ቢሉ ጎሽ፣ ፈረስ ቢሉ ፈረስ፣ እጇ የገባበት ሁሉ ይሳካላታል። ችግሩ ይህን ከማንም ቀድማ የምታውቀው፣ ከማንም አስበልጣ የምታወራው እሷው ራሷ መሆኗ ነው።

ስሟን ያወጣላት አጎቷ ኬታራም ነው። ወንድሙ አምስተኛ ሴት ልጅ ሲወለድለት ሕፃኗን ገልጦ እንኳ ሳያይ «ዳፑ በሏት» አለ፤ ጠገብን፣ በቃን ማለቱ ነው። ልጅቱ አድጋ የእንስሳት ሐኪም ካልሆንኩ ባለች ጊዜም በቤቱ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነበርና፣ ጢሙን እየጠመዘዘ ፈረደ። «ሴት ልጅ ለውሻና ለበቀቀን ትሆናለች። ትልልቁ ከብት ክንድ ይጠይቃል። ይሁን፣ ትሞክር። ግን አንዲት ፈተና ከወደቀች፣ ሻንጣዋን ይዛ በዚያው ትመለሳለች፤ ሁለተኛ ስለ ትምህርት የሚያነሳብኝ የለም።»

ዳፑ በተሰበሰበው ዘመድ ሁሉ ፊት፣ «ካካ፣ ስመለስ ሻንጣዬን ከአውቶቡስ ተሸክመው የሚያወርዱልኝ እርስዎ ነዎት» አለችው፤ ካካ አጎት ማለት ነው።

እናቷ ግን አፍ አላበዛችም። ኮሌጁ ነጭ ጋውን ያስፈልጋል ሲል ገዛችና፣ ልጇ በጠመኔ በጻፈችላት ፊደል ላይ ደረት ኪሱን በቀይ ክር «ዶክተር ዳፑ» ብላ ጠለፈችው። ይህም አልበቃት። ለሙሽራ ቀሚስ እንደሚደረገው በአንገቱና በእጅጌው ዙሪያ ትንንሽ ክብ መስታወቶች ሰፋችበት። ዳፑ ያንን ለብሳ ፀሐይ ላይ ስትቆም የበረቱ ግድግዳ በብርሃን ነጠብጣብ ይጨፍራል።

«ሙሽራዋ መጣች!» ይላሉ ልጆቹ።

«ሙሽራውስ የታለ?» ትላለች። «ይሄ ሁሉ አህያ ተሰልፎ አንድ ሰው ይጥፋ?»

ገና ዶክተር አልሆንሽም፣ ስለ ምን ጻፍሽው ብሎ የሚደፍራት አልነበረም።

የግመል ልምምድ የመጣው ብርዱ ሊያበቃ ሲል ነው። ኮሌጁ ሁለት ግመሎች ነበሩት። አንዷ ሰንድሪ የምትባል ለስላሳ፣ ሕፃን የሚጋልባት ሴት ግመል ናት። ሁለተኛው ጆራዋር ነው። ጆራዋር ቁመቱ ከበሩ ያልፋል፤ ሽፋሽፍቱ የፊልም ተዋናይት ያስቀናል፤ አስተያየቱ ደግሞ ግብር ሊሰበስብ እንደመጣ ሹም ነው። ጠባቂው ባንዋርጂ የሚባል ባለ ትልቅ ቀይ ጥምጥም፣ ከጥምጥሙም የሚረዝም ምላስ ያለው ሰው ነበር። ጆራዋርን ያሳደግሁት እኔ ነኝ ይላል። አባቱንም ያሳደግሁት እኔ ነኝ ይላል። ዝም ብለው ከሰሙት አያቱንም ይጨምራል።

«ሁለት ነገር ብቻ ያዙልኝ» አሉ ዶክተር ሲንግቪ። «ፊት ለፊቱ አትቁሙ። ደግሞም አታዋርዱት። ጎሽ ትረሳለች። ፈረስ ይቅር ይላል። ግመል ግን…» ብለው ከወገባቸው በታች አሻሹና ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት።

ማን ይቀድማል ሳይባል ዳፑ ወጣች። «ጄ! ጄ!» አለች፣ ገመዱን ወደ ታች እየሳበች። ጆራዋር አጉረመረመ፤ የፊት ጉልበቶቹን አጠፈ፣ የኋላዎቹን አስከተለ፣ ቤት ሲፈርስ እንደሚወርደው በየተራ ወርዶ ተቀመጠ። ዳፑ አንገቱን ዳበሰች፣ ደም ስሩን በአውራ ጣቷ ተጭና አሳበጠች፣ መርፌውን ሰካች። ደሙ በአንድ ጊዜ ብልቃጡን ሞላው። እዚህ ላይ ብታበቃ ኖሮ የምንተርከውም ነገር ባልኖረ ነበር።

እሷ ግን ብልቃጡን ወደ ላይ አነሳች፣ ዞር አለች፣ ልክ ጆራዋር ፊት ለፊት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመችና ለክፍሉ ሁሉ፣ «አያችሁ? ክንድ ይጠይቃል ብሎ የዋሻችሁ ማነው?» አለች።

ከኋላዋ ከሩቅ የመጣ ነጎድጓድ የመሰለ ነገር ተሰማ። ጆራዋር ከጠዋት ጀምሮ ሲያመሰኳው የዋለው አረንጓዴ ሁሉ ተጠራቅሞ መጥቶ አናቷ ላይ አረፈ።

ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ቴጅፓል እንባውን እየጠረገ፣ «ዶክተር ዳፑ፣ ይሄኛውስ ገለባ ነው ወይስ ራስ አለው?» አላት።

ኮሌጁ የሚያድለው ቦቲ ጫማ ሁሉ የወንድ ልክ ስለሆነ ሴቶቹ ይመጡ የነበረው በነጠላ ጫማ ነው። ዳፑ ጎንበስ አለች። የቀኝ እግሯን ጫማ አወለቀች። የጆራዋርን አፍንጫ ጧ! አደረገችው።

ሳቁ እንደ ክር ተበጠሰ።

በዚያ አገር ሰውን በዱላ ብትመታው ሽማግሌ ይገባል፣ ትታረቃለህ። በጫማ የመታኸው ሰው ግን እሱ ቢሞት እንኳ ልጁ ያስታውስልሃል። ባንዋርጂ ሁለት እጁን ጥምጥሙ ላይ ጫነ።

«ባይሳ» አላት፣ እህቴ እንደ ማለት ነው፤ «በጥፊ ብትይው ምን ነበረበት? በጫማ! ያውም በሰው ፊት!»

«ግመል ነው እኮ።»

«እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው። እሱ አያውቅም።»

ጆራዋር አላጓራም፣ አልተነሳም። አንገቱን ቀስ ብሎ አዙሮ ዳፑን ከእግሯ እስከ ራሷ፣ መስታወት በመስታወት፣ አስተዋላት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ማመስኳቱን ቀጠለ። ያስፈራውም ይኸው ነበር።

በሚቀጥለው ልምምድ ክፍሉ በሙሉ ነጭ በነጭ ሆኖ በበሩ ገባ። ጆራዋር ሌላውን ሁሉ እንደ አጥር እንጨት አልፎ በቀጥታ ወደ ዳፑ መጣ። ባንዋርጂ ገመዱን ይዞ፣ ገመዱም ባንዋርጂን ይዞት፣ ሁለቱም አብረው ተጎተቱ። ዳፑ ልጅነቷን የጨረሰችው ዛፍ ላይ ስለሆነ የመኖ ማስቀመጫው ግንብ ጫፍ ላይ ለመድረስ ብዙም አልፈጀባት። ጆራዋር ከታች ቆሞ፣ ሽቅብ እያየ፣ የትምህርቱ ደወል እስኪደወል አመሰኳ።

ከዚያ ወዲህ የማይሞከር ነገር አልቀረም። የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ሱግና ድምጿ የትንኝ፣ ትዕግሥቷ የአህያ የሆነ ልጅ ናት፤ መነጽሯንና ሻሿን አዋሰቻት። ጆራዋር መነጽሩን አይቶ ትንሽ እንደ ማሰብ አለና፣ ሻሹን ከራሷ ነጠቀው። የወንድ ጥምጥም አደረገች። ቴጅፓል «ጢም ብቻ ነው የጎደለሽ፤ እሱንም ብትቆዪ ይመጣል» አላት፤ ጆራዋር ግን ያለ ጢምም ለያት። ባንዋርጂ በበኩሉ መድኃኒት አላጣም። የሸንኮራ ስኳር በእጅሽ አጉርሺው አላት፤ ስኳሩን በልቶ እጇን ለማስከተል ሞከረ። የጣዎስ ላባ ይዘሽ ግቢ አላት፤ ላባውንም በላው። ፊትሽን እንዳያይ የኋሊት እየሄድሽ ቅረቢው አላት። ያን ጊዜ ቀድሞ የደረሰለትን ነከሰ፤ ዳፑ ለሳምንት ያህል ክፍል ውስጥ ቆማ ተማረች።

«ይሄንን የሚያህል ብልህ ግመል አይቼ አላውቅም» አለ ባንዋርጂ፣ በኩራት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ግንቡ ቤቷ ሆነ። የትኛው ድንጋይ እንደሚቆረቁር፣ የትኛው ጠፍጣፋ እንደሆነ ለየች፤ ከግራ ሦስተኛው ላይ እግሯን አጥፋ ትቀመጥና ከላይ ሆና ሌሎቹን ታስተምራለች። «ቴጅፓል፣ ደም ስሩ በዚህ በኩል ነው! የምትወጋው ግመሉን ነው ወይስ አውራ ጣትህን?» ምላሷ ከግንቡ አልወረደም ማለት ነው። እጇ ግን ከዚያ አንድ ቀን ወዲህ ግመል ነክቶ አያውቅም።

መፍትሔውን የማያውቅ ሰው በግቢው ውስጥ አልነበረም። ሻይ የምትሸጠዋ ሴትዮ ታውቀዋለች፣ ዘበኛው ያውቀዋል፣ ዳፑም ራሷ ጡት ስትጠባ ጀምሮ ታውቀዋለች። ግመል ቂም የያዘበት ሰው፣ ያዋረደው ዕለት የለበሰውን ልብስ ያወልቅለታል። ግመሉ ይነክሰዋል፣ ይረግጠዋል፣ ይተኛበታል፤ አንጀቱ ይርሳል፤ ጠቡ በዚያው ያበቃል።

«ስጪውና ተገላገዪ» አለቻት ሱግና።

«ያንን ጋውን?»

«ያንን ነዋ ለብሰሽ የመታሽው።»

«እኔ አጎቴን ያልለመንኩትን ይቅርታ ግመል ልለምን? ዶክተር ሲንግቪ የተማረ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ይፍረዱ።»

ሱግናን አስከትላ ሄደች፤ ጠየቀቻቸው። «ዶክተር፣ ይሄ የልብስ ነገር በመጽሐፋችን አለ?»

«የለም» አሉ ዶክተር ሲንግቪ።

«አላልኩሽም?» አለች ወደ ሱግና ዞራ።

«መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ተነክሰው አያውቁም» ብለው ቀጠሉ ዶክተሩ። «እኔ የሠርጌን ሱሪ ነው የሰጠሁት።»

«ሱሪ?»

«ያዋረድኩት እሱን ለብሼ ነበራ፤ ምን ላድርግ? ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ የት ገባ እያለች ትፈልገዋለች። አደራ፣ ከዚህ እንዳይወጣ።»

ዳፑ ግን አንገቷን ነቀነቀች። ፈተናው ሲደርስ ሰንድሪ አለች፤ ሰንድሪ ላይ እፈተናለሁ፣ አልፋለሁ፣ ጆራዋር ቂሙን ታቅፎ ያርጅ። እንዲህ ብላ ጨርሳ ነበር። ሰንድሪ ግን ከተጠበቀው ቀን ቀድማ፣ ፈተናው በደረሰበት ሳምንት ወለደች፤ አራስ ግመል ደግሞ ማንም አይነካትም። በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ተጻፈ፦ የግመል ፈተና፣ ተማሪው ሁሉ፣ በጆራዋር።

ያን ቀን ኬታራም ደወለ። «ዳፑ፣ ፈተናው ደረሰ አሉ። መመለሻሽን ትራክተር ልላክልሽ ወይስ በአውቶቡስ ትመጫለሽ?»

«ሻንጣዬ ከባድ ነው፣ ካካ። ወገብዎን ያበርቱ» አለችው።

ስልኩን ስትዘጋ ግን ሻንጣዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋው ሥር ደበቀችው። ሱግና አይታ እንዳላየች ሆነች።

በማግስቱ ዳፑ ብልጠት ሞከረች። ትርፍ ጋውን ነበራት፤ ምንም ያልተጠለፈበት፣ በሳሙና ታጥቦ የተተኮሰ። እሱን ከግንቡ ላይ ወረወረችለት። ጆራዋር ቀረበ፣ አሸተተ፣ አነጠሰ። ከዚያ ኩሬ እንደሚሻገር የተከበረ ሰው እግሩን ከፍ አድርጎ፣ ሳይነካው ተራምዶት፣ ወደ እሷ ግንብ መጣ።

«ሳሙና ነው የሰጠሽው!» ብሎ ጮኸ ባንዋርጂ። «ከሳሙና ጋር ምን ጠብ አለው? የሰደበው ላብሽ ነው፤ እሱን ስጪው!»

«ያኛውን አልሰጥም።»

«እንግዲያው ከርመሽ ትፈተኚያለሽ።»

«ለእኔ ከርሞ የለኝም» አለች ዳፑ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ባንዋርጂ ሄዶ ንጹሑን ጋውን ከመሬት አነሳላት።

በፈተናው ቀን ገና ፀሐይ ሳትወጣ ለእናቷ ደወለች። እናቷ ወተት እያለበች ነበር፤ ወተቱ ባልዲው ላይ ሲመታ ይሰማል።

«እማ፣ ጋውኑን ለግመል ብሰጠው ትቀየሚኛለሽ?»

የወተቱ ድምፅ ቆመ። «በምን መታሽው?» አለች እናቷ።

«በጫማ።»

«ኧረ የኔ ልጅ! በጫማ?» ባልዲው ሲቀመጥ ተሰማ። «ስጪው። ክሩ አለ፣ መስታወቱ አለ፣ እጄም አለ። ደግሞ አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ካካሽም ሰጥቷል።»

«ካካ? ምኑን?»

እናቷ ላሟ እንዳትሰማት ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጥምጥሙን። የጎረምሳነቱን ቀይ ጥምጥም። ራሱን ገልጦ፣ በቀትር፣ መንደሩን አቋርጦ ሲገባ ሁላችንም አይተናል፤ ሁላችንም እንዳላየ ሆነናል። እንዳትነግሪው።»

«አልነግረውም» አለች ዳፑ። በምን አጋጣሚ እንደምትነግረው ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምራ ማሰላሰል ይዛለች።

ጋውኑን ለብሳው ወደ በረቱ ሄደች። ጥልፉ እንዳይበላሽ ብላ ሳታጥብ እንደ ነበረ ያስቀመጠችው ነው፤ የዚያ ቀን አረንጓዴ ትከሻው ላይ ደርቋል። ግንቡ ላይ ወጣች፣ አወለቀችው፣ ደረት ኪሱን አንዴ በመዳፏ ዳበሰችና ለቀቀችው።

ጆራዋር አልቸኮለም። መጥቶ አሸተተው። አንገቱ ቀጥ አለ። መጀመሪያ ኮሌታውን ነከሰና እንደ ጆንያ አራገፈው። ወደ መሬት ጥሎ በፊት እግሮቹ አንድ በአንድ ረገጠው፤ መስታወቶቹ ቀጭ ቀጭ አሉ። ከዚያ በደረቱ ተኛበት፣ ወዲህና ወዲያ አሸው፣ ተነሳ፣ አንዱን እጅጌ ገነጠለ፣ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ተመልሶ ደግሞ ተኛበት። ዳፑ ከላይ ሆና ቀጭ ባለ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍን ነበር። እናቷ ጣቷን የተወጋችበትን እያንዳንዱን መስታወት ታውቀዋለች።

በመጨረሻ ጆራዋር ረጅም ማዛጋት አዛጋ፤ ፊቱን አዞረና ሣሩን መብላት ጀመረ።

ዳፑ ወረደች። ለመጀመሪያ ጊዜ አልዞረባትም። ከመሬት ያነሳችው ነገር ጋውን ለማለት ይከብዳል። ደረት ኪሱ ግን አለ፤ ላዩ ላይ «ዳፑ» የሚለው ቃል ሳይነካ ቀርቷል። «ዶክተር» የሚለው የለም። ተበልቷል።

«ስምሽን ትቶልሽ ሹመትሽን ብቻ ነው የበላው» አለ ባንዋርጂ፣ ቀርቦ እያየ። «ደግ ነው እኮ። አባቱ ቢሆን ሁለቱንም ነበር።»

ፈታኙ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ሰው ነበሩ። ዶክተር ናምቢያር ይባላሉ፤ ዓሣና ኮኮናት ከሚበላበት ከደቡቡ የባሕር ዳር ናቸው። ግራጫ ኮት፣ ፊት የሚታይበት ጥቁር ጫማ፤ ስለ ዝሆን ሕመም የጻፉ ትልቅ ሰው ናቸው አሉ። ግመል ግን እዚያ የላቸውም።

ዳፑ የታጠበውን፣ የተተኮሰውን ትርፍ ጋውን ለብሳ፣ ፀጉሯን አሲዛ ቀረበች። መጀመሪያ የተጠራችው እሷ ናት። ጆራዋር ቀና ብሎ አያት፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለና አጓራ።

ባንዋርጂ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ባይሳ፣ የታረቀው እኮ ከዚያኛው ጋር ነው! ይሄኛውን መቼ ተዋወቀው?»

ዳፑ ዞር ብላ የክፍሉን ልጆች አየች። ቴጅፓል አለ፤ ሁሉም አሉ። ከዚያ ሮጣ ሄዳ ያንን ቡትቶ ለብሳ ተመለሰች፤ አንድ እጅጌ የለውም፣ ጀርባው እስከ ወገቡ ተቀዷል፣ የሚያብለጨልጨው ሁለት መስታወት ብቻ ነው፤ የቀረው አረንጓዴና ጭቃ ነው።

ዶክተር ናምቢያር መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ጋውን ነው፣ ዶክተር።»

«ነበር ማለትሽ ነው።» ልጆቹ ሳቁ። «ሐኪም በዚህ መልክ እንስሳ ፊት አይቀርብም። ሂጂና ንጹሑን ልበሺ፤ አለዚያ ወድቃለች ብዬ ሌላ ተማሪ እጠራለሁ።»

የኬታራም ትራክተር ሲንኳኳ በጆሮዋ ተሰማት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምላሷ ስለ ጫማቸው ወይ ስለ ዓሣቸው አንድ ነገር ጠብ ያደርግ ነበር። አሁን ግን ዋጠችው።

«ዶክተር፣ ይህን ካወለቅሁ ግመሉ አያስጠጋኝም» አለች። «ሰው ፊት በጫማ መትቼዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ ጠዋት በዚህ ልብስ ነው የታረቅነው።»

ቴጅፓል እንኳ አልሳቀም።

«ታረቅን?» አሉ ዶክተር ናምቢያር። ወደ ዶክተር ሲንግቪ ዞሩ፤ ዶክተር ሲንግቪ ሰማዩን ያዩ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ እንስሳ ነው። ሣር የሚበላ እንስሳ ልብስ አይለይም። እንኪ፣ ላሳይሽ፤ እንዲህ ፊት ለፊት በርጋታ ከቆሙ…»

ባንዋርጂ «ጌታዬ፣ እዚያጋ…» ብሎ ጀመረ፤ አልደረሰም። ነጎድጓዱ ተሰማ። ጆራዋር ለእንግዳ አዘነ መሰለኝ፣ አናታቸውን ተወና ሁሉንም ጫማቸው ላይ አፈሰሰው።

ዶክተር ናምቢያር ጮኹ። በአንድ እግራቸው ቆመው፣ አረንጓዴ የሞላውን ጫማ አውልቀው አራገፉት። እዚህ ላይ ቢያበቁ ጥሩ ነበር። ነገር ግን የተቆጣ ሰው እጅ የያዘውን አይመርጥም። በጫማው የጆራዋርን አፍንጫ መታ አደረጉት።

ተማሪው ሁሉ በአንድ ላይ ትንፋሹን ሳበ።

ጆራዋር አንገቱን ቀስ ብሎ አዞረ። ከግራጫው ካልሲ እስከ መነጽሩ ድረስ ሰውየውን አስተዋላቸው። ዶክተር ሲንግቪ በመጀመሪያው ልምምድ ቀን እንዳደረጉት ከወገባቸው በታች ማሻሸት ጀመሩ።

«ዶክተር» አለች ዳፑ፣ ቀስ ብላ፣ «አሁን ይሩጡ። ወደ ግንቡ። ከግራ ሦስተኛው ድንጋይ ጠፍጣፋ ነው።»

ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ይህን ያህል ይፈጥናሉ ብሎ የገመተ የለም። ጆራዋር ባንዋርጂን እንደ ቅርጫት እየጎተተ ተነሳ፤ ግንቡ ሥር ሲደርስ ዶክተር ናምቢያር በካልሲና በአንድ ጫማ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

ዳፑ በመካከል ገባች። የተገነጠለውን እጅጌ ትራፊ ወደ አፍንጫው ዘረጋችለት። ጆራዋር አሸተተው፤ የራሱን ምራቅ፣ የራሱን ጉልበት፣ የራሱን ፍርድ አሸተተ። ፉፉ አለ።

«ጄ» አለች ዳፑ፣ እንደ ልመና። «ጄ፣ ጌታዬ።»

ጉልበቱን አጠፈ፤ የፊቱን፣ ከዚያ የኋላውን። ተቀመጠላት።

በጎኑ ዞረች፤ ፊት ለፊቱ አልቆመችም። ደም ስሩን አሳበጠች፣ ወጋች፣ ብልቃጡ ሞላ። ብልቃጡን ለማንም አላሳየችም፤ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፣ ኪሱም ከነስሙ ስለነበረ ያዘላት። ሙቀቱን ለካች፣ የልቡን ምት ቆጠረች፣ የልብ ማዳመጫውን ግራ ጎኑ ላይ አድርጋ ሆዱን አዳመጠች፤ ያገኘችውንም ሁሉ ወደ ግንቡ ቀና ብላ ጮክ ብላ ተናገረች።

«የጨጓራው እንቅስቃሴስ?» ሲል ቀጭን ድምፅ ከላይ መጣ።

«ደኅና ነው፣ ዶክተር። ትንሽ ቀደም ብሎ ከጫማዎ ላይም አይተነዋል።»

ይቺ ብቻ አመለጠቻት። ዶክተር ናምቢያር ጫማ የሌለውን እግራቸውን አዩ፣ ግመሉን አዩ፣ ቡትቶውን አዩ። በመጨረሻ፣ «ለአለባበስ ዜሮ» አሉ። «ለሌላው ሁሉ ሙሉ። አልፈሻል።» ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ «ልጄ፣ ይሄ ግመል እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚያየኝ?» አሏት።

«ዛሬ የቀረውን ተማሪ ሁሉ በእሱ ላይ ሊፈትኑ ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ኮትዎን ያውልቁ፣ ዶክተር። ታጥቧል እንዴ?»

«ትናንት ከላውንድሪ ነው የመጣው።»

«ግድ የለም፣ አሁን በደንብ ላብ ጠጥቷል። ያስኬዳል።»

ዶክተር ናምቢያር ኮቱን አወለቁ፤ ኪሶቹን ፈተሹ፣ እስክሪብቷቸውን አወጡ፣ ትንሽ አቅፈውት ቆዩ። ከበረቱ ጥግ ዶክተር ሲንግቪ በዝግታ፣ «ሱሪ አለመጠየቁን ያመስግኑ» አሏቸው።

ማታ ላይ ዳፑ ለአጎቷ ደወለች። «አለፍኩ፣ ካካ። አውቶቡሱ ነገ ከሰዓት ይደርሳል። ሻንጣው ሁለት ሆኗል።»

ኬታራም ጉሮሮውን ጠረገ። «እ… ደግ። ክንዱ ከተገኘ ደግ ነው።»

«ሲመጡ ጥምጥም ያድርጉ፣ ካካ። በራስ ገላጣ ሻንጣ መሸከም ይከብዳል። ቀዩን ቢያጡትም ሌላ አይጠፋም።»

ዳፑ ጢሙ ሲጠመዘዝ የሚሰማት መሰላት።

«ማነው የነገረሽ?»

«ግመል።»

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የዚያ የፈራጁ ኬታራም አልነበረም፤ የአንድ ጎረምሳ ነበር።

«በምን መታሽው?»

«በጫማ።»

«እኔም በጫማ ነበር» አለ ኬታራም። «አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?»